ከባለ ሜዳሊያው ቀጥሎ

ጋሼ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ መንግሥት ተለውጦ ወደ ስዊድን ሲሰደዱ አንድ ሜዳሊያ ይዘው መጡ። ከጦር አካዳሚ ሲመረቁ ከኮርሳቸው አንደኛ የወጡ እጩ መኮንን ተብለው የተሸለሙት ነው። ሱንድቢበሪ በምትባለው ከተማ ባለው ቤታቸው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። አውጥተው ሲያሳዩን ግን ሁልጊዜ የሚያወሩት በግማሽ ነጥብ ተበልጦ ሁለተኛ ስለወጣው ጓደኛቸው ነበር።

"መጀመሪያ ያጨበጨበልኝ እሱ ነው። በዓመቱ ጦር ሜዳ ቀረ። ዛሬ ስሙን ማን ያነሳል?"

ስለዚህ ከቤተሰቡ ልጆች አንዱ ሽልማት ይዞ ሲመጣ፣ እንኳን ደስ ያለህ ከማለታቸው በፊት "ካንተ ቀጥሎ ማን ነበር?" ይሉ ነበር።

እኔም ጂምናዚየም የሚሉትን ሁለተኛ ደረጃ ስጨርስ ያገኘሁትን ስቲፔንዲየም፣ ለጎበዝ ተማሪ የሚሰጠውን የገንዘብ ሽልማት፣ ይዤ፣ ነጩን የምረቃ ኮፍያ እንደደፋሁ ሄድኩ። ያንኑ ጠየቁኝ።

"ጋሼ፣ እዚህ አገር እኮ ደረጃ የለም!"

"ደረጃ ባይኖር ሰው አለ። ሂጂና ጠይቂ።"

ተናደድኩ። ለአንድ ቀን እንኳ ደስታው የኔ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት? የሰመሩን እረፍት ሙሉ ቤታቸው ዝር ሳልል ቀረሁ። ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር አረፉ።

ከቀብሩ በኋላ መምህሬ ጋ ደወልኩ። ለስቲፔንዲየሙ ከኔ ጋር ታጭታ ሳታገኘው የቀረችው ከኋላዬ ትቀመጥ የነበረችው ልጅ ናት። ሦስት ዓመት አብረን ስንማር አንድ ቀን ዞሬ አላናገርኳትም።

ጋሼ፣ ማሊን ትባላለች። ሄጄ ጠየቅኩ፤ መልሱን የሚቀበለኝ ግን የለም።