አእምሮ የሌለው መኪና

ወንድሜ ዴልማር መኪና ሊገዛ ሲሄድ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ስንት ዓመት እንደተነዳ አይጠይቅ፣ ዘይት ይጠጣ እንደሆነ አይጠይቅ። ሻጩን ዓይን ዓይኑን እያየ፣ «ይሄ መኪና አእምሮ አለው?» ይለዋል። የማያውቁት ሰዎች ይስቃሉ። እኔ የእናቱ ልጅ ግን እንደማያውቀው ሰው ፊቴን አዙሬ ጎማ አያለሁ።

አእምሮ የሚለው ኮምፒውተሩን ነው። እዚህ ኦዛርክ ተራሮች ውስጥ፣ ቢያንስ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ግማሹ ሰው፣ አንድ ቀን ከደመና በላይ ቦምብ ይፈነዳል ብሎ ያምናል። ቦምቡ ሰው አይነካም፤ ኤሌክትሮኒክስ የሚባለውን ሁሉ ግን ያቃጥላል። እኛ ብልጭታው እንለዋለን። ያን ቀን ስልኩም፣ የውኃ ፓምፑም፣ የዘመኑ መኪና ሁሉ ባለበት ደርቆ ይቀራል ነው ነገሩ። ይምጣ አይምጣ እኔ ምን አውቃለሁ? የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ፤ እኔ የማምነው ፍሬን ነው። ሆኖም ጎረቤቶቼ ሁሉ በግፊ እንዲነሳላቸው መኪናቸውን አፍንጫውን ወደ ቁልቁለት አዙረው ሲያቆሙ ሳይ፣ ይኸው እኔም ሳይታወቀኝ እንደዚያው አቆማለሁ።

የዴልማር ግን ባሰ። በየጨረታው እየዞረ ዓመታት ፈጀ። ደግሞ ዱላ ይዞ ነው የሚዞረው፤ ቅርፊቱ የተላጠ ቀጥ ያለ የሂከሪ እንጨት። ጋቢና ውስጥ ይገባና መቀመጫውን ወደፊት ይስበዋል፣ ይስበዋል፣ ጉልበቱ መሪው ሥር እስኪወተፍ። ዴልማር በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ሰው ነው፤ ያን ቁመት እንደዚያ አጣጥፎ ሲቀመጥ ማየት ያሳፍራል። ከዚያ የዱላውን አንድ ጫፍ መቀመጫው ላይ ያስደግፍና በሌላው ጫፍ ፍሪሲዮኑን ይጫናል። ያስባል። ራሱን ይነቀንቅና ይወርዳል።

ሰዎች ዝገት እየፈለገ ነው ይላሉ። እኔ አብዷል እላለሁ። ለነገሩ የሚያንገበግበኝ ማበዱ ሳይሆን ምክንያቱን አለማወቄ ነበር። የሰው ነገር ሳላውቅ ማደር አልችልም፤ ተፈጥሮዬ ነው፣ ምን ላድርግ?

አንድ ጊዜ ሃርላን የገዛ መኪናውን ልሽጥልህ አለው። ሃርላን ንብ አርቢ ነው፤ በየመከሩ ወቅት ለብልጭታው እንዘጋጅ ብለን የምናደርገውን የጨለማ ቀን ልምምድ የሚመራውም እሱ ነው። መኪናው ደግሞ ወርቅ ነበር፤ ናፍጣ፣ ሁሉ ነገሩ ብረት፣ አንዲት ሽቦ የማይፈልግ ሞተር። ዴልማር ገባ፣ ታጠፈ፣ በዱላው ተጫነ፣ ወረደ። «ይከብዳል» አለ። ሃርላን እስከ አንገቱ ቀላ። ስንመለስ ምኑ ነው የሚከብደው ብዬ መንገዱን ሙሉ ነዘነዝኩት። ሬዲዮውን ከፍ አደረገው።

በመጨረሻ የገዛው ትንሽዬ አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ ነው፤ ቀለሙ የደረቀ ሰናፍጭ ይመስላል። ሃርላን አይቶት ዶሮ ልትጭንበት ነው ወይ አለው። ዴልማር ግን ያን ቀን እንደ ሕፃን ፈንድቆ ነበር። ለራሱ ጉልበት እንኳ የማይበቃ ጋቢና ገዝቶ እንዲህ ደስ ማለቱ ይብስ አቃጠለኝ።

በዚያው ሰሞን፣ እሁድ ከስብከት በኋላ፣ ባቄላ የሞላ ድስት ተሸክሞ ወደ ማዕዱ ሲመጣ ዴልማር ዝርግፍ ብሎ ወደቀ። ነፍሱ የወጣች መሰለን። ትንሽ ቆይቶ ዓይኑን ገለጠና ድስቱ ተሰበረ ወይ አለ። እኔና ትንሽዬዋ ሚስቱ ኦፓል በእኔ መኪና ጭነን ስፕሪንግፊልድ ሆስፒታል ወሰድነው።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ነገር አታበዛም። ልብዎ እየዘገየ አንዳንዴም ጭራሽ ይቆማል አለችው። ደረትዎ ላይ፣ ከአንገት አጥንትዎ ሥር፣ ልብን የሚቀሰቅስ ትንሽ መሣሪያ እናስገባለን፣ ቀላል ሥራ ነው፣ በማግስቱ ቤትዎ ነዎት። ዴልማር ዓይን ዓይኗን አያት።

«አእምሮ አለው?»

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። «አዎ፣ ትንሽ አለው» አለች።

እንግዲያው አይሆንም አለ። ብልጭታውን አስረዳት። ስለዚያ በእርግጠኝነት ልነግርዎት የምችለው ነገር የለም አለችው፤ ያለ መሣሪያው ግን ገናን መድረስዎን እጠራጠራለሁ። ዴልማር ኮፍያውን አነሳና አመስግኗት ወጣ።

እቤት ስንደርስ እኔ ጮህኩበት። ደደብ አልኩት፣ በቅሎ አልኩት፣ እናታችን ብትኖር በጥፊ ትልህ ነበር አልኩት። ኦፓል ስትናደድ ድስት ነው የምትፈትገው፤ የታጠበውን ሁሉ አውርዳ እንደገና ማጠብ ጀመረች። እዚያ ብቆይ የምለውን ስለማላውቅ በሩን ወርውሬ ወጣሁ። ሄጄ ሰናፍጩ መኪና ውስጥ ገባሁ።

መቀመጫው ወደፊት እንደተሳበ ተቸንክሯል። እኔም እንደ ወንድሜ ረጅም ነኝ፤ ጉልበቴ ከመሪው ጋር ተጋጨ። ወደታች ሳይ ፔዳሎቹ ላይ ወፍራም እንጨት በብሎን ታስሯል፤ ሦስቱም ላይ። ፍሪሲዮኑን በእጄ ስጫነው ልክ እንደ ቅቤ ገባ። ዱላው ጎኔ መቀመጫው ላይ ተኝቷል። አነሳሁት። እኔ ዕድሜዬን የሰው ልጅ ሁሉ ስጭን የኖርኩ ሴት፣ ይሄ መቀመጫ ለማን እንደተሠራ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ዱላውን ይዤ ገባሁና ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት። ይሄ ምንድን ነው አልኩት። ዴልማር መስኮት መስኮቱን ያያል። ኦፓል እጇን አደራረቀች፣ ዱላውን አነሳችና ከጎኗ ቀጥ አድርጋ አቆመችው። ከዳሌዋ ጀምሮ ተረከዟ ላይ አለቀ። ስንጥር እንኳ አይተርፍ፣ አይጎድል።

ኦፓል ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ለካስ ይሄ ነው» አለች። «አንድ እሁድ ከምሳ በኋላ ጋደም ብዬ ሳለሁ፣ በድርቆሽ ማሰሪያ ገመድ እግሬን ለካኝ። የተኛሁ መስሎት ነበር። እኔ ለሬሳ ሣጥን የለካኝ መስሎኝ ይኸው እስከዛሬ ዝም አልኩ።»

«ለሬሳ ሣጥን እግር ብቻ ይለካል እንዴ?» አልኩ፤ አፌ መቼ ያርፋል።

«የቀረውን በግምት ይጨርሰዋል ብዬ ነዋ።»

ዴልማር ሳቀ። ከዚያ ሳቁ መሐል ላይ ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ። እንዲያ ሆኖ ነው የነገረን። ለመጀመሪያ ጊዜ የወደቀው ጎተራ ውስጥ ነው፣ ብቻውን፣ መኪና ፍለጋ ሳይጀምር በፊት። ያን ቀን እዚያው ቢቀር፣ ብልጭታው ሲመጣ ኦፓል በምን ትወጣለች የሚለው ሐሳብ ያዘው። እሱን እንኳ የከበደውን የሃርላንን ፍሪሲዮን እሷ አትጫነውም። ስለዚህ እሷ የምትነዳውን ሲፈልግ ኖረ። ኮረብታው ላይ ወዳለው እህትሽ ቤት ትሄጃለሽ፣ መኪናውን ቁልቁለቱ ላይ ለቀሽ በሁለተኛ ማርሽ ታስነሺዋለሽ፣ እኔ አስተምርሻለሁ አላት።

ኦፓል ዱላውን ጭኗ ላይ አድርጋ ስታዳምጠው ቆየች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ እኔ ብሆን ጣሪያውን አነሳው ነበር።

«ያ ቀን እስካሁን አልመጣም፣ ዴል። አንተ ግን እሁድ ዕለት ወድቀሃል። ያን ነገር ካላስገባህ እኔ እዚያ መኪና ውስጥ አልገባም። ብልጭታው ይምጣ፣ ሰማዩ ይውደቅ፣ እዚሁ ድስቴን እያጠብኩ እጠብቀዋለሁ።»

«ያን ቀን መጀመሪያ የሚጠፋው እኮ መሣሪያው ነው።»

«እስከዚያ ድረስስ?»

ዴልማር ኮፍያውን ከፊቱ አወረደ።

መሣሪያው በዚያው ሳምንት ገባለት። ትምህርቱን ግን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ባልና ሚስት መኪና መማማር ከጀመሩ ትዳር አይተርፍም። ኦፓል ማርሽ ስታስገባ ይቅርታ ትጠይቀዋለች፣ መኪናውን ማለቴ ነው። ፖስታ ሣጥኔን ሁለት ጊዜ ገጨችው። ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ግን ቁልቁለቱ ላይ ለቃ ስታስነሳው ራሴን ይዤ መጮህ ትቼ ነበር።

የጨለማ ቀን ልምምድ ደረሰ። ሕጉ አንድ ነው፤ አእምሮ ያለው ነገር የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ በር አያልፍም። ሃርላን በሩ ላይ ገመድ ወጥሮ ይቆማል። ስልክ፣ የእጅ ሰዓት፣ ሌላው ቀርቶ ለማይሰማ ሰው የሚደረግ የጆሮ መስሚያ መሣሪያ ሁሉ ቅርጫት ውስጥ ይገባል። አሮጊቷ የአጎታችን ሚስት ያን ቀን ስብከቱን ሳትሰማ ነው የምትውለው። እኔ በእግሬ መጥቼ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ ይቺን ሳላይማ አልቀርም።

ሰናፍጩ መኪና እየተንገጫገጨ መጣ። ከመሪው በላይ የኦፓል ግንባር ብቻ ይታያል። ዴልማር ጎኗ ታጥፎ ጉልበቱን አቅፏል። ገመዱ ጋ ስትደርስ ሞተሩ ሳይጠፋባት ቆመች፤ እኔ ነኝ ያስተማርኳት።

ሃርላን በመስኮቱ አጎነበሰ። ዴልማር ሲጠይቀው የኖረውን ጥያቄ ለራሱ ለዴልማር ጠየቀው። «በዚህ መኪና ውስጥ አእምሮ ያለው ነገር አለ?»

ወንድሜ ዋሽቶ አያውቅም። እጁ ወደ አንገት አጥንቱ ሄደ፤ ፊቱ ቀላ። የበሩን እጀታ ሲፈልግ አየሁት፤ ወርዶ በእግሩ ወደ ቤት ሊመለስ።

ኦፓል እግሯን ከፍሪሲዮኑ ሳታነሳ በአንድ እጇ የሸሚዙን እጅጌ ያዘች።

«አንድ አለ» አለችው ሃርላንን። «ቅርጫትህ ውስጥ አይገባም።»

ሃርላን አንዴ እሷን፣ አንዴ የዴልማርን ደረት አየ። ከዚያ ሄዶ ገመዱን ፈታው።