ጳጳሱና ኮረሪማው

አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ባለው አፓርታማዬ፣ ከምድጃው ጎን፣ ግድግዳው ላይ አንድ ጳጳስ ተሰቅሏል። ክንድ የሚያህል ጠንካራ ጣውላ ነው። ጢማሙ ጳጳስ ሾጣጣ ቆቡን ደፍቶ፣ በትሩን ጨብጦ፣ ወደ ውስጥ ተቦርቡሮ ተቀርጿል። ሊጥ ጠቅጥቀው፣ ገልብጠው መታ ሲያደርጉት ሙሉ ሰው ሆኖ ይወጣል። ቤቴ የመጣ እንግዳ ሁሉ "ይሄ ደግሞ ከየትኛው ገዳም ነው?" ይለኛል። ከገዳም አልመጣም። የሆላንዶች የብስኩት ማውጫ ነው። የእህቴ የእትዬ አስካለ ነበር።

ልጅ እያለሁ እናትም አባትም የሆነችኝ እሷ ነች። እናታችን ስትሞት እኔ አራት ዓመቴ፣ እሷ አሥራ ሰባቷ ነበር። አዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ የአንድ የዱቄት ፋብሪካ መካኒክ ቤት ምግብ አብሳይ ሆና ስትቀጠር እኔንም በእጇ ይዛ ገባች። የመካኒኩን ሚስት ማዳም እንላት ነበር። አባቷ ጀርመን፣ እናቷ የሆላንድ ሰው ስለነበሩ ከወጥ ቤቷ የሚወጣው ሽታ የሁለት አገር ነው። ቀይ ጥቅል ጎመን ከፖምና ከቅርንፉድ ጋር በኮምጣጤ ሲንተከተክ እስከ ውጭው በር ያውዳል። የአተር ሾርባዋ ማንኪያ ቀጥ አድርጎ እስኪያቆም ድረስ ከእሳት አይወርድም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጥቁር ዳቦ ይጋገራል፤ ኮምጠጥ ያለ፣ ጡብ የሚያህል፣ እንደ ጡብም የሚከብድ። ከዚያ ዳቦ ጋር ስታገል እትዬ "ጎሽ፣ ግፋበት፣ ጥርስህም እንደ ፈረንጅ ይሆናል" እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ስለ ራሴ ካልተናገርኩ ማን ይናገርልኛል? በሰባት ዓመቴ ሊጥ በጣቴ ነክቼ ውሃ እንደሚፈልግና እንደማይፈልግ እለይ ነበር። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። ያስተማረኝ ዐይኔ ነው።

ኅዳር ሲጋመስ ጳጳሱ ከቁም ሳጥን ይወጣል። ለማዳም የብስኩት ወራት ሲገባ ለእኛ የነቢያት ጾም ይገባል። ስለዚህ ቅቤውና እንቁላሉ ጠረጴዛው ላይ ሲደረደር እትዬ አስካለ ጾመኛ ናት። ለጋውን ቅቤ ከቡናማ ስኳር ጋር ታሸዋለች፤ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ገውዝና ሌላም የወቀጠችውን ቅመም ትጨምራለች፤ ጳጳሱ ላይ ዱቄት ነስንሳ ሊጡን በአውራ ጣቷ ትጠቀጥቃለች። ጣቷን እንኳ አትልስም። መድረሱን የምታውቀው በማሽተት ብቻ ነው። ምድጃው ፊት ተንበርክካ፣ ዐይኗን ጨፍና ትቆይና "አሁን" ትላለች። ማዳም ሰዓቷን ታያለች። እትዬ ግን አንድም ቀን አልሳተችም።

ብስኩቱ በቆርቆሮ ጣሳ ተከድኖ ሲቆይ ጭራሽ እየጣመ ይሄዳል። ለገና ማዳም ሁለት ጳጳስ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ትሰጠናለች፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእትዬ። እኔ የራሴን ከእግሩ ጀምሬ፣ ቆቡን ለመጨረሻ አቆይቼ እጨርሰዋለሁ። ከዚያ ዐይኔ የእሷው ላይ ያርፋል። "እንካ ብላው" ትለኛለች። "እኔ ስጋግረው ሸትቶኝ ጠግቤያለሁ።" እኔም አምናታለሁ። ሰው በማሽተት የሚጠግብ ይመስለኝ ነበር። በየዓመቱ ሁለቱንም እኔ በላኋቸው።

አንድ ጊዜ ከገና ማግስት የኔታ ዘንድ ፊደል ልቆጥር ስሄድ ደረቴን ነፍቼ "የኔታ፣ እኔ ትናንት ሁለት ጳጳስ በላሁ" አልኩ። የኔታ ጭኔን ይዘው የቆነጠጡኝ ቁንጥጫ ዛሬም ብርድ ሲሆን የሚሰማኝ ይመስለኛል። ልጆቹ "ጳጳስ በላ" የሚል ስም አወጡልኝ። እትዬ ይህን ስትሰማ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ወዲያ ደስ ያላት ጊዜ ሁሉ "አንተ ጳጳስ በላ!" ነበር የምትለኝ፤ ሽበት አውጥቼም እንኳ።

ማዳም አገሯ ስትገባ ጣውላውን ለእትዬ ትታላት ሄደች። እኔም ከብዙ ዓመት በኋላ አሜሪካ መጣሁ። አሌክሳንድሪያ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ዕቃ አጣቢ ሆኜ ገብቼ፣ ጡረታ የወጣሁት የኬክ ክፍሉ ኃላፊ ሆኜ ነው። ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ አንድ ወፍራም የጀርመንኛ የመጋገሪያ መጽሐፍ ገዛሁ፤ ግማሹ የጀርመን፣ ግማሹ የሆላንድ ነው። መዝገበ ቃላት ይዤ፣ በዕረፍት ሰዓቴ፣ አውቶቡስ ላይ ሳይቀር፣ ቃል በቃል ለቀምኩት። ትምህርት ቤት ገብተው የተመረቁ ልጆች "ሚስተር ታደሰ፣ ይሄ ለምን ተሰነጠቀ?" እያሉ እኔን ይጠይቁ ነበር። ጉራ የሚመስለው ካለ ይምሰለው። የሠራሁትን ነው የምናገረው።

በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ እትዬ አስካለም ልጇ ሰናይት ወረቀቷን ጨርሳላት ሲልቨር ስፕሪንግ መጣች። ሻንጣዋ ሲከፈት ከሽሮውና ከበርበሬው መሃል ጳጳሱ በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሎ ወጣ። ከጎኑ በዚያው ጨርቅ ጫፍ የተቋጠረ ኮረሪማ ነበር። "ሁለቱም ላንተ ነው፤ እንዳትነጣጥላቸው" አለችኝ። አመስግኜ ወሰድኩ። ጳጳሱን ግድግዳዬ ላይ ሰቀልኩት። ቋጠሮውን ግን ሳልፈታ ከጣውላው ጨርቅ ቆርጬ፣ የወጥ ቅመም ነው ብዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ወረወርኩት። "አንድ ቀን እንደ ማዳም አድርጌ እጋግርልሻለሁ" እላት ነበር። እሷም "አውቃለሁ፣ ሺፍት አለብህ" ትላለች። ሰባት ስምንት ዓመት እንዲህ ስንባባል አለፈ።

ከዚያ ታመመች። ምግብ አልወርድ አላት፤ አንገቷ ቀጠነ፤ ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ አስቸገረ። ሐኪሙ "ያሰኛትን ስጧት፣ ብቻ ትብላ" ብሎ ነበር። አንድ ቀን ሥራ ላይ እያለሁ ሰናይት ኮል አደረገችልኝ።

"ጋሼ፣ እማዬ 'ጳጳሱን' ትላለች። ደንግጬ 'ቄስ ልጥራ ወይ?' ብላት ሳቀችብኝ።"

እኔም ሳቅኩ። ያን ዕለት እትዬን ላያት ሄድኩ። ጾሙ ገብቷል፤ የንስሐ አባቷ ፈቅደውላት እንኳ መፈሰክ እንቢ ብላለች። "ለገና አድርስልኝ" አለችኝ። "ዘንድሮ ግን የእኔን አልሰጥህም፣ ስማኝ። ሳልቀምሰው አልሞትም።"

በሳምንቱ፣ ለገናው መለማመጃ ይሁን ብዬ፣ እንደ መጽሐፌ ጋገርኩ። ጳጳሶቹ እንደ ሳንቲም ላይ ሥዕል ጥርት ብለው ወጡ። በዚያ ቤልትዌይ በሚሉት ቀለበት መንገድ መጨናነቅ ውስጥ ጣሳውን ጎኔ አስቀምጬ፣ ቀበቶ ሁሉ አስሬለት፣ ድልድዩን ተሻግሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ደረስኩ። እትዬ ትራሷን ደገፍ ብላ አንዱን አነሳችና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።

"ታዴ፣ መልኩ እሱ ነው። ሽታው ግን እሱ አይደለም። ኮረሪማው የታለ?"

"እትዬ ሙች፣ ኮረሪማ እኮ የወጥ ነው! ለዚህ የሚገባው ሄል ነው። መጽሐፉ 'ካርዳሞም' ነው የሚለው።"

"እኮ! ማዳምም 'ካርዳሞም' ብላ ገበያ ላከችኝ። ኮረሪማ መሰለኝና እሱን ይዤላት መጣሁ። አሸተተችው፣ ሳቀች፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ አምጪ ብላኝ አታውቅም።"

"የሳቀችው ባንቺ ነዋ!"

ሰናይት ከኋላዬ "ጋሼ፣ ይተዉ በቃ" አለች። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ማንም ሳያስተምረኝ የደረስኩበትን ነገር አልጋ ላይ ሆና የምታፈርስብኝ መስሎኝ ደሜ ፈላ።

"ለመሆኑ አንቺ ቀምሰሽው ታውቂያለሽ?" አልኳት። "አንድ ቀን አፍሽ ያልገባውን ነገር ነው እኔን የምታርሚኝ?"

እትዬ እጇን አገላብጣ አየችው፤ ሊጥ ያለበት ይመስል አውራ ጣቷን በብርድ ልብሱ ጠረገች። "እሱስ እውነትህን ነው" አለች። "አልቀመስኩትም። አንተ ታውቃለህ፣ ያነበብከው አንተ ነህ።"

ለምን እንዳልቀመሰችው ከእሷ ሌላ የሚያውቅ በዚህ ዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም ከፊቷ ቆሞ እየጮኸባት ነበር።

ለገና እንደገና ጋገርኩ። ውድ ቅቤ ገዛሁ፤ ሄሉን ከነቅርፊቱ አምጥቼ ራሴ ወቀጥኩት። ከቅዳሴ መልስ ቤተሰቡ ሁሉ እንደተሰበሰበ አንዱን ጳጳስ በነጭ ሰሐን አቀረብኩላት። እንደ ድሮዋ ዐይኗን ጨፍና አሸተተችው። "አሁን" የምትል መስሎኝ ትንፋሼን ያዝኩ። እሷ ግን ሰሐኑን ወደኔ ገፋችው።

"እንካ ብላው፣ ጳጳስ በላ። እኔ ሸትቶኝ ጠግቤያለሁ።"

ሁሉም ሳቀ። እኔም ምንም እንከን እንደሌለው ላሳያት ብዬ ፊቷ በላሁት። በእርግጥም እንከን አልነበረውም። ልክ መጽሐፉ እንደሚለው ነበር። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ እትዬ አስካለ ዐረፈች።

ዐርባዋ የዋለው በዐቢይ ጾም ነው። የሰናይት አፓርታማ በሰው ተሞልቶ፣ እኔ በሩ አጠገብ ካፖርቴን እንደለበስኩ ተቀምጬ ነበር። አንዲት ጎረቤት ወጥ ቤት ገብታ ሻይ ጣደች። መጀመሪያ ቀረፋው ሸተተኝ፤ ቀጥሎ ቅርንፉዱ። ቀጥሎ ሴትዮዋ አንድ ነገር በጠርሙስ ቂጥ ቀጥቅጣ ድስቱ ውስጥ ጣል ስታደርግ ሰማሁ። ያኔ ሽታው ሙሉ ሆኖ መጣ።

ጉለሌ ነበርኩ። ጉልበቷ ላይ ዱቄት ያለባት ወጣት ልጅ ምድጃ ፊት ተንበርክካ "አሁን" ስትል በጆሮዬ ሰማሁ።

"ምንድን ነው ያስገባሽበት?" ብዬ ጮህኩ። ሴትዮዋ ደንግጣ "ኮረሪማ ነው፣ ጋሼ፣ አይስማማዎትም እንዴ?" አለችኝ። ተነስቼ ወጣሁ። ሰናይት "ጋሼ፣ ሻይ እንኳ ሳይጠጡ?" ስትል ከኋላዬ ይሰማኛል።

ቤቴ ስገባ ካፖርቴንም አላወለቅኩ። ቋጠሮው ከቁም ሳጥኑ ጥግ፣ ከዱቄት ከረጢቶች ኋላ ነበር። እሷ እንደቋጠረችው ነው፤ ስንት ዓመት ሙሉ ሳልፈታው። ኮረሪማው ደርቋል፤ ቅርፊቱን ስሰነጥቀው ግን ፍሬው ሽታውን ይዞ ጠብቆኛል። ጳጳሱን ከግድግዳው አወረድኩ። ቅቤውን አሸሁ፣ ሊጡን በአውራ ጣቴ ጠቀጠቅኩ፣ ገልብጬ መታሁት። መጽሐፉን አልከፈትኩም። ምድጃው ፊት በዚህ በታመመ ጉልበቴ ተንበረከክኩና ዐይኔን ጨፈንኩ። የምድጃው ሰዓት ሳይጮህ "አሁን" አልኩ። ደርሶ ነበር።

ያኔ ለሁለት ሰው ሁለት ጳጳስ ነበረን፤ እኔ ሁለቱንም እበላ ነበር። ዛሬ የፈለግኩትን ያህል እጋግራለሁ፤ ቅቤውም፣ ስኳሩም፣ ጊዜውም ሞልቶኛል። የሰናይት ልጆች "it's good, ጋሼ" ብለው ግማሹን ነክሰው ወደ ስልካቸው ይመለሳሉ። አልፈርድባቸውም። በእነሱ ዕድሜ እኔም ከማን አፍ እንደምበላ አላውቅም ነበር።

ያን የዐርባዋ ዕለት ግን ጾም ነበርና አልቀመስኩትም። ሁለት ጳጳስ አንድ ሰሐን ላይ ጎን ለጎን አስተኛሁ፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእትዬ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ቀኑ እስኪመሽ ድረስ አሸተትኩ።

ሽታ አያጠግብም፣ እትዬ።