በግንቡ ላይ ያኖርኩት ሙዝ

ጭሮ ጤና ጣቢያ ተመድቤ ስመጣ የተከራየሁት ክፍል ከጀርባው ሰፊ ጓሮ ነበረው። አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጃቸው ድሬዳዋ የሚኖር ሴት ነበሩ። ጥግ ላይ ፓፓያ እንድተክል ፈቀዱልኝ። ውሃ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። ፊቴን የታጠብኩበትን ሳይቀር እያጠራቀምኩ አጠጣሁት።

ፓፓያው መብሰል ሲጀምር ጦጣዎቹ ደረሱ። ከከተማው በላይ ያለው ጫካ ተመንጥሮ ጫት ከተተከለበት ወዲህ በየቤቱ ቆርቆሮ ላይ እየዘለሉ መውረድ ለምደዋል። አንዱን ፍሬ ሳይጨርሱ ሌላውን ይነክሳሉ። ድንጋይ ስወረውር ፈቀቅ ብለው ያዩኛል።

አከራዬ ደግሞ በየጠዋቱ የድንች ልጣጭና የተረፈ ቂጣ የአጥሩ ግንብ ላይ ያስቀምጡላቸዋል።

«ከዚህ ከጠገቡ ያንቺን ይተዉታል። እነሱም የረቢ፣ የፈጣሪ ፍጡሮች ናቸው» አሉኝ።

«እርስዎ ነዎት ያስለመዷቸው!» አልኳቸው በንዴት።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እሳቸው በደሳ ከተማ ለቅሶ ሄደው ሳለ ሙዝ ውስጥ የአይጥ መርዝ ከተትኩና ግንቡ ላይ አኖርኩት። ትልቁ ወንድ ይበላዋል ብዬ ነበር። ቀድማ የመጣችው ግን ግልገሏን ያዘለች እናት ናት። ሙዙን አሸተተችና ጣለችው። ግልገሏ ወርዳ አነሳችው። በመስኮት እያየሁ ነበር። መስኮቱን ብመታ ኖሮ ይሸሹ ነበር። አልመታሁም።

አከራዬ በማግስቱ ሲመለሱ እናትየዋ የሞተች ልጇን በአንድ እጇ ታቅፋ ግንቡ ላይ ተቀምጣለች።

«ምን አግኝቷት ነው?» አሉኝ።

«እንጃ፣ ኤሌክትሪክ ይዟት ይሆናል።»

እናትየዋ ሁለት ቀን ሙሉ ይዛት ዞረች። የልጇን ፀጉር ታበጥራለች፣ ዝንብ ታባርራለች። በሦስተኛው ቀን ጓሮው ውስጥ ትታት ሄደች። አከራዬ ሊያነሷት ሲሄዱ ግማሹን ሙዝ ሣሩ ውስጥ አገኙት። የመርዙ ዱቄት ይታይበታል። ይዘውት መጥተው ፊት ለፊቴ ቆሙ።

«አንቺ ሐኪም ነሽ አይደል?»

ዶማ ሰጡኝና «ቆፍሪ» አሉኝ። ግልገሏን በአሮጌ ሻሻቸው ጠቅልለው ራሳቸው አስገቧት።

ከቤታቸው አላስወጡኝም። ብቻ ከዚያ ቀን ወዲያ ልጣጩን ሰብስበው ክፍሌ በር ላይ ያኖሩታል፤ ግንቡ ላይ የማስቀምጠው እኔ ሆንኩ። ጦጣዎቹ እኔ ያስቀመጥኩትን ለመንካት ወራት ፈጀባቸው። ፍሬውን በማዳበሪያ ከረጢት መሸፈን ተማርኩ፤ የላይኛውን ሳልሸፍን ለእነሱ እተዋለሁ። መለወጤን አከራዬ ያያሉ። አንድም ቀን ግን ደህና አደረግሽ አላሉኝም፤ እኔም ይቅር ይበሉኝ ለማለት አፌን መክፈት አቃተኝ።

አምና ታመሙና ልጃቸው ሊወስዳቸው መጣ። ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ አቅፈው እያለቀሱ ሳሙ። እኔ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጨበጥኳቸው። ቀዝቃዛ ነበር።

«ደህና ሁኚ» ብለው መኪናው ውስጥ ገቡ።