ግሱን ያልጠበቀ አስተርጓሚ

በቤተ ክርስቲያን ሳስተረጉም ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሰባኪው በአማርኛ ይናገራል፤ እኔ ከጎኑ ቆሜ ወደ አኙዋክኛ እመልሳለሁ። ፍጥነቴ ጋምቤላን ያስደነቀ ነው። ሰባኪው «አሜን» ሳይል እኔ ብዬ፣ ሕዝቡን አሰናብቼ፣ ባሮ ወርጄ ገላዬን ታጥቤ እመለሳለሁ። ትንሽ አጋንኜ ይሆናል፤ ወንዙ ግን ቅርብ ነው።

አምና አንዲት የቋንቋ መምህርት ግቢዬ ውስጥ ቤት ተከራየች። ሥራዬን ስታውቅ በርጩማ ይዛ መጥታ ስለ ዓረፍተ ነገር ታስረዳኝ ጀመር። እንደ እርሷ አባባል፣ በትርጉም የተሳሰሩ ቃላት ተራርቀው ሊቀመጡ ይችላሉ። «ዓሣውን» ብዬ ከጀመርኩ፣ ሰሚው ዓሣውን በሉት ይሁን ለቀቁት ሳያውቅ ይዞት ይቆያል። መሀል ላይ ጎረቤቱ፣ መረቡና ዝናቡ ሁሉ ቢገቡ፣ ግሱ እስኪመጣ ዓሣው ተንጠልጥሎ ይጠብቃል። መንገዱ በረዘመ ቁጥር ጭነቱ ይከብዳል። ጭንቅላት ደግሞ ዝም ብሎ አይጠብቅም፤ መጨረሻውን ይገምታል፤ ሲስት ወደኋላ ተመልሶ ያስተካክላል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ብዙ ያሸክማል፤ በእኛ ቋንቋ ግን ግሱ ቶሎ ብቅ ይላል።

እኔ አልገምትም፣ አውቃለሁ አልኳት። ሳቀችና ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ብዙም ሳይቆይ የእህቴ ልጅ ለጋብቻ ተጠየቀች። የጠየቃት ልጅ በሰፈራ ጊዜ ከደጋ መጥተው አቦቦ ላይ የሚያርሱ አዛውንት ልጅ ነው። እርሷ ነርስነት እየተማረች ነበር፤ አባቷም ትምህርቷን የሚያስጥላት ሰው ደጄን እንዳይረግጥ ብሎ ምሏል። የአባቷ አማርኛ ለገበያ እንጂ ለሽምግልና ስለማይበቃ አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ።

በሽምግልናው ቀን እህቴ ቤት ተሰበሰብን፤ አዛውንቱ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ዓረፍተ ነገራቸው ከአቦቦ እስከ ጎግ ይደርሳል።

«ልጃችሁን፣ እኔ በሰፈራ ስመጣ ይህን መሬት ያስተማሩኝን የእናንተን ሰዎች እያሰብኩ፣ ልጄም ሌላ አላይም ብሎ ሦስት ክረምት እንዳስጨነቀኝ እያወቅሁ፣ እርጅናዬም ረዳት እንደሚሻ ሳልክድ፣ ትምህርቷን አስጥዬ ወደ አቦቦ...»

ሳል ያዛቸው። አስተርጓሚ ዝም ካለ እንጀራው አለቀ፤ እኔም ዝምታውን ሞላሁት። ልጃችሁን ትምህርቷን አስጥዬ ወደ አቦቦ እወስዳታለሁ ብለዋል አልኩ፣ በአኙዋክኛ፣ በሚያምር ድምፅ።

የእህቴ ባል ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ። ልጅቷ ሳህን ይዛ በመግቢያው ቆማ ነበር፤ ፊቷ ጠቆረ።

አዛውንቱ ውሃ ጠጥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «...አልወስዳትም» አሉ። ከዚያ ግራ ተጋብተው፣ «ሰውየው ምን ሆኑ ጌታው? ክፉ ተናገርኩ?» አሉኝ።

የሃያ ዓመት ስሜን በሁለት ቋንቋ አፈረስኩት። ሽማግሌው አልተሳሳቱም፣ ቃላቸውን ሳይጨርሱ የገመትኩት እኔ ነኝ አልኩ፤ መጀመሪያ ለእህቴ ባል፣ ቀጥሎ ለእርሳቸው። የእህቴ ባል በሩን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ።

«ይድገሙት» አለ። «አንተም እስኪጨርሱ አፍህን በዓሣ ሙላው።»

አዛውንቱ ደገሙት፤ አሁን ደግሞ አንድ የሞተ በሬ ጨመሩበት። እኔ ልጅቷን በሐሳቤ ተሸክሜ፣ ላቤ እየወረደ፣ ግሱ እስኪመጣ ጠበቅሁ። መምህርቷ ስለ ጭነቱ ስታወራ ምን ያህል ኪሎ እንደሆነ አልነገረችኝም። ግሱ መጥቶ ሲያርፍ ሙሉውን አስተረጎምኩ። የእህቴ ባል ወደ ወንበሩ ተመለሰ፤ ትምህርቷን ትጨርስና ትጋባ አለ። ይህችን አጭር ቃል ወደ አማርኛ ስመልስ እንኳን መጨረሱን ሁለቴ ጠየቅሁት።

ልጅቷ እጄን ልታስታጥበኝ መጥታ ጎንበስ አለች።

«አጎቴ፣ ለሠርጌ ሌላ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ።»

ውሃውን እያፈሰሰች ትስቅ ነበር። እኔም ዘና ብዬ እበላለሁ አልኳት፤ የቀረበውንም ዓሣ ማንንም ሳልጠብቅ ጀመርኩ።