አትንገሩኝ ብዬ የፈረምኩበት ወረቀት

ሰርጓጅ መርከባችን ሊወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለእያንዳንዳችን አንድ ገጽ ፎርም ተሰጠን። ብዙ ጥያቄ የለበትም። በጉዞው መሃል ከቤተሰብህ ሰው ቢሞት እዚያው ባሕር ውስጥ ይነገርህ ወይስ ስትመለስ? ሁለት ሳጥን አለ። በአንዱ ላይ ምልክት ታደርጋለህ፣ ትፈርማለህ።

ወረቀቱን ይዤ ሲልቨር ስፕሪንግ ወንድሜ ጋ ሄድኩ። በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጠኛል። እናታችን ካረፈች በኋላ ሃይስኩል ያስጨረሰኝ እሱ ነው። አርሊንግተን ኤርፖርት ተሳፋሪ የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዳ ነበር፣ ኩላሊቱ እስኪደክም ድረስ። አሁን በሳምንት ሦስት ጠዋት ደሙን በማሽን ሊያሳጥብ ዲያሊሲስ ይገባል። ከእሱ ሌላ ቤተሰብ የለኝም። ስለዚህ ፎርሙ የሚጠይቀኝ ስለ እሱ ነበር። ሁለታችንም አውቀነዋል።

አነበብኩለት። ሳቀ።

«እነዚህም መርዶ ያውቃሉ ለካ!»

«ምን ልሙላ?»

«አትንገሩኝ በል።»

«ወንድም ጋሼ...»

«ስማኝ። መርዶ በጠዋት ነው፣ ቤት ውስጥ፣ ሰው ባለበት። እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ቢነግሩህ ማን ይይዝሃል? ደግሞ አንተን አውቅሃለሁ፣ ጮኸህ መርከቡን ታስመታዋለህ።»

«አንተ ደግሞ አትሞትም።»

«እኔማ በሳምንት ሦስት ቀን ቀጠሮ አለኝ። በየት በኩል እሞታለሁ?»

ምልክቱን አደረግኩ። ስወጣ አንድ ጣሳ ዳቦ ቆሎ ሰጠኝ። «ድምፅ ከተከለከለ አፍህ ውስጥ እያራስክ ብላው» አለኝ።

የት እንደነበርን አልጽፍም። አልተፈቀደልኝም፣ ግማሹንም አላውቀውም። ጦርነት ነበር። መርከቦች ከላይ ይፈላለጋሉ፣ እኛ ከሥራቸው ነን። መስኮት የለም። ቀንና ሌሊት የምለየው በምናቀርበው ምግብ ነው፤ እንቁላል ከሆነ ነግቷል ማለት ነው። ሥራዬ ኩሽና ነበር። አልጋዬ ከላይኛው አልጋ በጣም ከመቀራረቡ የተነሳ ለመገልበጥ መጀመሪያ መውጣት አለብኝ።

ፍርሃቱን እንዴት ልጻፈው? ሰው ጥይት የሚፈራ ይመስለዋል። እኛ የምንፈራው ድምፅ ነው። በየትሪው መካከል ጨርቅ እናደርጋለን። በሩን በሁለት እጅ እንዘጋለን።

አንድ ቀን ምሳ ጨርሰን ትሪ እየሰበሰብኩ ሳለ «ጸጥታ» ተባለ። ከላይ የሆነ ነገር እያለፈ ነው። ማራገቢያው ቆመ። ወዲያው ሞቀ። እኔ ከሃያ በላይ ትሪ ታቅፌ መሃል ወለል ላይ ቆሜያለሁ። እንዳላስቀምጠው ድምፅ ያወጣል። እንዳልሄድ እፈራለሁ። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ክንዴ ዛለ፣ የላይኛው ትሪ ትንሽ ተንሸራተተ። አንዷ ብትወድቅ የመቶ ምናምን ሰው ነፍስ በእኔ እጅ ነው። ያን ጊዜ የኩሽናው አለቃዬ ጫማውን አውልቆ በካልሲ መጣ። ግዙፍ ሰው ነው፤ ሲራመድ ግን አየር አልነካም። ግማሹን ትሪ ከእጄ ወሰደ። እንደዚያ ፊት ለፊት ቆመን ስንት ጊዜ እንደቆየን አላውቅም። ትንፋሹ ይሰማኝ ነበር። በልቤ ወንድሜን ጠራሁት። እሱም ማሽን ላይ እንዲህ ሳይነቃነቅ ተኝቶ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

መልእክት የሚደርሰን አንዳንዴ፣ ከፍ ብለን መቀበል ስንችል ብቻ ነው። እኛ መልስ መላክ አንችልም። ቀድሞ የሚያነበው መኮንን አለ፤ ክፉ ነገር ካለበት ያስቀረዋል። ስለዚህ ወንድሜ በእንግሊዝኛ ይጽፋል። እኔና እሱ በእንግሊዝኛ ተጻጽፈን አናውቅም። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አንድ ዓይነት ነበሩ። ደህና ነኝ። ማሽኑም ደህና ነው። ቆሎውን በላኸው?

ከዚያ ቀረ። መልእክት ሲታደል ሌላው ወረቀቱን ይዞ ወደ አልጋው ይሄዳል፣ እኔ ባዶ እጄን እቀራለሁ። አንዴ። ሁለቴ። ሦስተኛውም ባዶ ሆነ። ያ ምልክት ያደረግኩበት ሳጥን ያን ጊዜ ገባኝ። አትንገሩኝ ያለ ሰው ዝምታ ሲመጣ ምን እንደሆነ ማወቅ አይችልም።

የሰው ፊት ማንበብ ጀመርኩ። የጉዞው እኩሌታ በሚከበርበት ዕለት አለቃዬ ትልቁን የኬክ ቁራጭ ለእኔ ቆረጠ። «ብላ። ዛሬ ሳህን አታጥብ፣ እኔ አጥባለሁ» አለኝ። እሱ? ሳህን? አዘነልኝ፣ አወቀ ማለት ነው አልኩ። ኬኩን አንድ ጉርሻ ጎርሼ መዋጥ አቃተኝ።

በማግስቱ ዕቃ ክፍል ውስጥ ብቻውን አገኘሁት።

«የተነገረህ ነገር አለ?» አልኩት።

«አንተ ወረቀት ላይ ምን አልክ?»

«አትንገሩኝ።»

«እንግዲያው ኖረም አልኖረም መልሴ አንድ ነው። አልመልስልህም።»

«ፎርሙን መቀየር እችላለሁ?»

አዲስ ፎርም አምጥቶ በዱቄት ከረጢት ላይ አስቀመጠልኝ። «ትችላለህ። ግን ዛሬ ከቀየርክ፣ የሚነገር ነገር ካለ ዛሬውኑ ይነገርሃል። የሚለቀስበት ቦታ ደግሞ ይኸው ነው።» በእጁ ጠባቡን ክፍል አሳየኝ።

እስክሪብቶውን ያዝኩት። የወንድሜን ቃል ስላከበርኩ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። አይደለም። ፈርቼ ነው የተውኩት። ካልነገሩኝ በሕይወት አለ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት አልጋዬ ውስጥ፣ ፎጣ በአፌ ይዤ፣ አለቀስኩለት። ያለ ድምፅ ማልቀስ ያማል፤ ደረት ላይ ይቀራል።

ከሳምንት በኋላ መልእክት መጣ። የእሱ ነበር። ደህና ነኝ። ትንሽ አሞኝ ነበር። ቆሎውን በላኸው?

ደጋግሜ አነበብኩት። በራሴ ሳቅኩ። ለቆመ ሰው ሳለቅስ ከረምኩ አልኩ። ቆሎውን ያን ቀን ከፈትኩት፣ እያራስኩ በላሁት። ኬኩም ኬክ ብቻ ነበር፤ አለቃዬ ደግ ሰው ስለሆነ ነው።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ግን አለቃዬ ተለወጠ። «ይሄ ትሪ ታጥቧል ትላለህ? ድገመው!» ይለኛል። ያጠብኩትን አራት ጊዜ ይመልሰዋል። ሰው ፊት ያዋርደኛል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይከፋኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ደስ አለኝ። ወንድሙ ለሞተበት ሰው እንዲህ አይጮህበትም። በሰደበኝ ቁጥር ልቤ ይረጋ ነበር። ለብዙ ጊዜ ያልተኛሁትን እንቅልፍ ተኛሁ።

ወደብ ስንደርስ አለቃዬ ሻንጣዬን ራሱ ተሸክሞ ድልድዩን አሻገረኝ። ሲለየኝ ትከሻዬን ይዞ፣ «ትሪዎቹ ንጹሕ ነበሩ። ሁሉም» አለኝ።

ፀሐይ ላይ ቆሜ በረደኝ።

ከወደቡ በአውሮፕላን ስመጣ ኤርፖርት የተቀበሉኝ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ የወንድሜ ወዳጅ ናቸው፤ አባባ እንላቸዋለን። «አንተ! ዓሣ መስለህ መጣህ!» ብለው አቀፉኝ።

«ወንድሜስ፣ አባባ?»

«ማሽኑ ላይ ነው። ዛሬ እኔ ጋ እደር፣ ነገ አብረን እናየዋለን።»

ዓይኔን ሳያዩኝ ነው ያሉት። አወቅኩ። እሳቸውም ማወቄን ያወቁ ይመስለኛል። ግን ምን ልበል? ሽማግሌው በደንቡ ሊያደርሱልኝ ይደክማሉ፤ ላቋርጣቸው? ፎቅ ላይ ያለው አፓርታማቸው ገባን። «ብላ ልጄ፣ ነገ ጉልበት ያስፈልግሃል» አሉኝ። በላሁ። እያንዳንዱ ጉርሻ እንደዚያ ኬክ ነበር። ማታውን ተኝቼ የሚመጣውን ንጋት ፈራሁት። የጠላት መርከብ ከላይ ሲያልፍ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ስድስት ሰው ገባ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። አባባ አጠገቤ ተቀመጡና እጄን ያዙ። «ወንድምህ አርፏል። ልትመለስ ሁለት ሳምንት ሲቀርህ። ቀብረነዋል። የብስ ላይ ላሉት የመርከቡ ሰዎች ደውዬ ‘መርዶውን ለእኛ ተዉልን’ አልኳቸው፤ እሱ አደራ ብሎኝ ነበር።»

ሁለት ሳምንት። አለቃዬ የጮኸብኝ፣ የደስታዬ ሁለት ሳምንት ነው። ስለሱ ፎጣ ነክሼ ሳለቅስ እሱ ሆስፒታል ውስጥ ይተነፍስ ነበር፤ በሞተ ቀን እኔ ትሪ እያጠብኩ አፏጭቼ ይሆናል።

አፌን ከፈትኩ። ድምፅ አልወጣም። ሴቶቹ ማልቀስ ጀምረዋል፣ እኔ ግን እጄ ላይ የነበረውን የውኃ ብርጭቆ በሁለት እጄ፣ ኮሽ ሳላደርግ፣ ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩት።

«ጩህ ልጄ» አሉኝ አባባ።

«ጎረቤት...» አልኩ። በሹክሹክታ ነው ያልኩት።

«ትናንት አንተን ልቀበል ከመሄዴ በፊት ከላይም ከታችም፣ ግራና ቀኙንም በር አንኳኩቻለሁ። ነገ ጠዋት አንድ ልጅ ያለቅሳል፣ ፖሊስ እንዳትጠሩ ብያቸዋለሁ። ሁሉም እሺ ብለዋል። ጩህ።»

ያን ጊዜ ጮህኩ። «ወንድም ጋሼ!» እያልኩ ነው፤ ሰዎቹ ግራና ቀኝ ይዘውኝ ነበር። ከላይ፣ ጣሪያው ላይ፣ የሆነ ሰው ሲራመድ ይሰማ ነበር። እርምጃው ቆመ። እኔ ግን ዝም አላልኩም።