በአማርኛ አድራሻ የተነሳ ሌባ የተባልኩበት ቀን

ይህ የደረሰብኝ አምና ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ጠብ የምወድ ሰው አይደለሁም። የዚያን ቀን ነገር ባስታወስኩ ቁጥር ግን እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

ደባርቅ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው አለፍ ብሎ፣ ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለችኝ። ኮምፒውተሬ አሮጌ ነው። አዲስ የኢንተርኔት መክፈቻ ብሮውዘር ልጭንበት ስል አይቀበልም፣ ስለዚህ በድሮው እሠራለሁ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሞላ የሚባሉ የአምባራስ ገበሬ ልጃቸውን ትርንጎን ይዘው ገቡ። ትርንጎ ለአዋላጅ ነርስነት ሥልጠና ልትመዘገብ ነው። የወንድሟ ሚስት ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ስትመጣ መንገድ ላይ አርፋለች። «ከዚያ ወዲያ ሌላ ሥራ አላማረኝም» አለችኝ። ምዝገባው በኢንተርኔት ብቻ ነው፤ በዚያው ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። መኪና አጥተው ነው የዘገዩት።

ማስታወቂያው ላይ የድረ ገጹ አድራሻ የተጻፈው በአማርኛ ፊደል ነበር። ጋሽ ሞላ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። «እንዲህ ነው እንጂ! ይኸንስ እኔም አነበዋለሁ» አሉ።

አድራሻውን ጻፍኩና ተጫንኩ። አማርኛው ጠፋ። በቦታው ኤክስ፣ ኤን፣ ሁለት ሰረዝ፣ ከዚያ ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ድርድር መጣ። ገጹ ግን ተከፈተ። የድሮ ብሮውዘር የአማርኛ አድራሻ ሲሰጡት እንዲህ እንደሚያደርግ ስለማውቅ አልደነገጥኩም። የምዝገባ መመሪያውን ለትርንጎ አትሜ ሰጠኋትና ፎርሙን መሙላት ጀመርኩ።

በዚህ መሐል ይርጋ ገባ። ይርጋ ከሱቄ ፊት ለፊት ሞባይል የሚጠግን ሰው ነው። አንድ ወረቀት ኮፒ ሊያደርግ መጥቶ በትከሻዬ በኩል ስክሪኑን አየ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ።

«መመዝገቢያ ነው።»

«ይኼማ የአጭበርባሪ ገጽ ነው!» ስልኩን አወጣና ከማስታወቂያው ላይ ያንኑ አድራሻ ጻፈ። በእሱ ስልክ አማርኛው እንዳለ ሆኖ ተከፈተ። ለጋሽ ሞላ አሳያቸው። «አዩ አባባ? እውነተኛው ይኼ ነው። እሷ የከፈተችው ሌላ ነው። የልጅዎን መታወቂያና ማስረጃ ልትሸጠው ነው።»

ጋሽ ሞላ ማስታወቂያውን፣ ስልኩን፣ ከዚያ የእኔን ስክሪን አዩ። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን በደልንሽ?» አሉና ወረቀቶቹን ከእጄ ነጠቁኝ።

«ጋሼ፣ ገጹ አንድ ነው፤ የሚለየው ብሮውዘሩ ነው» አልኩ። ማን ይስማኝ? ይርጋ በሩ ላይ ቆሞ ሰው መጥራት ጀምሯል። ደጄ በሰው ተሞላ። ከሳምንት በፊት የልጇን ፎርም በነጻ የሞላሁላት ሴት «የእኔንም ያኔ ወስዳዋለች!» አለች። አንዱ ከኋላ «ሌባ!» ሲል ሌሎቹ ተቀበሉት። ፖሊስ መጣ። ኮምፒውተሩን ንቀዪ፣ ጣቢያ ይሄዳል አለኝ። ነቀልኩት።

«አባቴ፣ እስቲ ይስሟት» አለች ትርንጎ። አባቷ ዝም በይ አሏት።

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በፊት አንድ ጊዜ የአማርኛ አድራሻ ከስልኬ ላይ ገልብጬ ለሰው ሳስተላልፍ፣ የተላከው እንዲህ ያለ የእንግሊዝኛ ፊደል ድርድር ነበር። አማርኛው ወደዚህ ከተለወጠ ይህም ወደ አማርኛ መመለስ አለበት። ለትርንጎ ያተምኩላት መመሪያ ግርጌ ላይ ደግሞ አድራሻው በዚያው በእንግሊዝኛ ድርድር ወጥቷል።

«ጌታዬ» አልኩት ፖሊሱን የመመሪያውን ግርጌ እያሳየሁት፣ «ይኸን በእኔ ሳይሆን በእሱ ስልክ ላይ ይጻፉት።»

ይርጋ ስልኩን መስጠት አልፈለገም። ፖሊሱ እጁን ዘርግቶ ጠበቀው፤ ሰጠው። ትርንጎ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጮክ ብላ አነበበች፣ ፖሊሱ ጻፈ። ተጫነው።

በይርጋ ስልክ ላይ አድራሻው በአማርኛ ተመልሶ መጣ። ገጹም ያው ገጽ ነው።

«ታዲያ አንድ ነዋ!» አለ ፖሊሱ፤ ስልኩን ከፍ አድርጎ አሳየ። ሌባ ሲሉኝ የነበሩት አንድ በአንድ ሹልክ አሉ።

ይርጋ ስልኩን ተቀበለ። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» ብሎኝ መንገዱን ተሻግሮ ሱቁ ገባ።

ኮምፒውተሩን መልሼ ሰካሁ። እስኪነሳ ድረስ ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀ እኔ ነኝ የማውቀው። ማስረጃዎቹን ስካን አድርጌ ገጹን ከፈትኩ። ፎርሙ የለም። በቦታው አንድ መስመር ብቻ አለ። ትርንጎ ናት ያነበበችው፦ «ምዝገባው ተጠናቋል።» ከአሥራ አንድ ሰዓት ጥቂት ደቂቃ አልፏል።

አላለቀሰችም። ማስረጃዎቿን በፌስታል ጠቅልላ ተነሳች። ጋሽ ሞላ ግን ባሉበት ቀሩ። «ይቅር በይኝ ልጄ» አሉኝ፣ መሬት መሬት እያዩ። ይቅር ለእግዚአብሔር ማለት ነበረብኝ። አፌ እምቢ አለኝ።

ትርንጎ ዘንድሮ ጎንደር ድረስ ሄዳ ተመዝግባለች። አንድ ዓመት ግን ጠፍቶባታል። በጋሽ ሞላ አሁን ቂም የለኝም፤ ለልጃቸው የፈሩ አባት ናቸው። በኋላም አንድ ቅዳሜ ለገበያ ሲመጡ እኔው ቀድሜ ሰላም አልኳቸው።

ከይርጋ ጋር ግን በየቀኑ እንተያያለን። ምንም እንዳልተፈጠረ «እንዴት አደርሽ?» ይለኛል። አልመልስለትም። ሌባ ያሉኝም ሰዎች ዛሬ ኮፒ ሊያስደርጉ ይመጣሉ፤ እሠራላቸዋለሁ። ያን ቀን ተሳስተን ነበር ያለኝ ግን አንድም የለም። የነፍስ አባቴ ይቅር በይ ይሉኛል። እሺ አባ እላቸዋለሁ። ገና አልቻልኩም።