ዳርቱ ያልሰማችው ጩኸት

ዳርቱ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ስታስተኛ ኖራለች። የካ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የማደንዘዣ ባለሙያ ናት። ሰው የሚያመሰግነው የቀደደውን ሐኪም ነው፤ አስተኝቶ መልሶ ያነቃውን ማን ያስታውሳል? እሷ ግን ቅር ብሏት አያውቅም። በሽተኛው ራስጌ ተቀምጣ፣ አንድ እጇን አገጩ ሥር አድርጋ፣ ሞኒተሩ በየልብ ምቱ «ጢጥ፣ ጢጥ» ሲል ታዳምጣለች። በዚህ ሙያ ዓይን ብዙ ቦታ ይሄዳል፤ ጆሮ ግን ከሞኒተሩ አይነቀልም።

ጉዱ ታዲያ እዚህ ላይ ነው። ከሦስት ዓመት ወዲህ ጆሮዋ እየከዳት ነበር። መጀመሪያ ቀጫጭኑ ድምፅ ጠፋ፣ ቀጥሎ ሐኪሞቹ የሚሉት። ከንፈራቸውን አይታ እንዳትገምት ጭምብል ሸፍኖታል። ለማን ትንገር? «ምነው ሲስተር፣ ስንጠራሽ?» ሲሏት «ደክሞኝ ነው» ትላለች፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ዓይኗን ሞኒተሩ ላይ ተክላ ትውልና አንገቷ ደርቆ ቤቷ ትገባለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት እንደማይገኝለት ለስንቱ በሽተኛ ስትመክር የኖረች ሴት!

ኤልቃና የሚባል ወጣት መሐንዲስ ለማደንዘዣ ባለሙያ የሠራውን መነጽር ይዞ የመጣው ይኼኔ ነው። መነጽሩን ያጠለቀ ሰው በሽተኛውን እያየ፣ የልብ ምቱና የኦክስጅኑ ቁጥር እዚያው ፊቱ አየር ላይ ተጽፎ ይታየዋል። ቁጥሩ ሲወርድ ይቀላል። ዳርቱ ከሰማይ የወረደላት መሰላት። ልምድ ያላት እሷ ናትና ኤልቃናም ለሙከራው አስቀድሞ የመረጠው እሷን ነበር። ስምንት ወር አብረው ሠሩ። «ቁጥሩን ወደ ቀኝ ውሰደው፣ ጉሮሮ ሳይ ይጋርደኛል» ትለዋለች፤ በማግስቱ ወደ ቀኝ ሄዶ ታገኘዋለች። በዚህ መነጽር እስከ ጡረታዬ ድረስ እሄዳለሁ ብላ ተስፋ አደረገች።

መነጽሩ በሽተኛ ላይ ከመዋሉ በፊት የመጨረሻው ሙከራ እንደ በሽተኛ በሚተነፍስ የማስተማሪያ አሻንጉሊት ላይ ነበር። መሐሉ ላይ ኔትወርክ ተቋረጠና ቁጥሩ ዘጠና ስምንት ላይ ደርቆ ቀረ። አሻንጉሊቱ ግን ኦክስጅን እያለቀበት ነው። ሞኒተሩ ጮኸ። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሰማ። ዳርቱ ዘጠና ስምንቱን እያየች ተረጋግታ ቁጭ ብላለች። ተለማማጇ ናዲያ ሮጣ ትከሻዋን እስክትነካት አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ አለፈ። ሰው ቢሆን ኖሮ... ይቅር፣ አልለውም።

ኤልቃና ፊቱ አመድ መሰለ። «መነጽሩ ነው» አለ። «ዓይንዎን ይዞ ጆሮዎን አዘናጋው። እርስዎን እንዲህ ካፈዘዘ ጀማሪውንማ ምን ሊያደርገው ነው? በቃ፣ ሥራውን አቆመዋለሁ።»

ዳርቱ መነጽሩን አውልቃ መለሰችለት። ጥፋቱ ለመነጽሩ ሲሰጥ በውስጧ እፎይ አለች፤ ለዚያች እፎይታ እስከዛሬ ራሷን ይቅር አላለችም።

ቅዳሜ እንጦጦ ግርጌ፣ ባሕር ዛፉ መሐል ያለው የእናቷ ቤት ወጣች። እናቷ እማማ ዲንቄ በሃምሳ ዓመታቸው የደነቆሩ ናቸው። ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ፣ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብላ ነገረቻቸው። እሳቸውም ከንፈሯን እያዩ ጨረሱ።

«የእኔው ደረሰሽ፣ ልጄ» አሉና ጆሮዋን ዳሰሱ። እንባቸው መጣ። «እኔ ስደነቁር የገነፈለብኝ ድስት ነው። እሳቴን አጠፋብኝ፣ አበቃ። አንቺ እጅ ላይ ያለው ግን ሰው ነው። እሱን ማን ይመልሰዋል?»

«እንጀራዬስ፣ አዮ?» አለች ዳርቱ፤ እናቷን የምትጠራው እንዲህ ነው።

«እሱን አላውቅም» አሉ እማማ ዲንቄ።

ሰኞ ጠዋት ኤልቃና ዕቃውን እየሸከፈ ሳለ ደረሰችበት።

«ቁጥሩ መድረቁ የመነጽርህ ጥፋት ነው፤ እሱን አርመው» አለችው። «ጩኸቱን አለመስማቴ ግን የራሴ ነው። ጆሮዬ ከተበላሸ ሦስት ዓመት ሆነኝ።»

ኤልቃና የያዘውን ገመድ አስቀመጠ። ደስ ይለዋል፣ ሥራው ተረፈለታ፣ ብላ አስባ ነበር። እሱ ግን ሌላ ነገር ትዝ አለው።

«አምና እናቴን ያስተኙልኝ እኮ እርስዎ ነዎት» አለ።

«አዎ።»

«ያኔም አይሰሙም ነበር?»

«አልሰማም ነበር። በደህና የነቁት እግዜር ጠብቋቸው ነው። በእኔ ጉብዝና አይደለም።»

ኤልቃና ዕቃውን እዚያው ትቶ ወጣ። እሷም በዚያው እግሯ ወደ ኃላፊዋ ሄዳ ያንኑ ደገመችው። ቀዶ ሕክምና ክፍል ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀረባት። ጆሮዋ ላይ የሚደረግ መሣሪያ ተሰጣት፤ ለወሬ በጀ፣ ቀጭኑን ድምፅ ግን አልመለሰላትም። አሁን ከቀዶ ሕክምና በፊት በሽተኛ የምትመዘግብበት ጠረጴዛ ላይ ናት።

ከሁለት ወር በኋላ መነጽሩ ታርሞ እንደገና ሲሞከር ኤልቃና ራሱ መጥቶ ጠራት። እናቱን ካነሳባት ወዲህ ሲያነጋግራት የመጀመሪያው ነበር። ግድግዳውን ተደግፋ ከሱ ጎን ቆመች። አሁን መነጽሩን ያጠለቀችው ናዲያ ናት። ሆን ብለው ኔትወርኩን አቋረጡት።

ለዳርቱ ክፍሉ ጸጥ እንዳለ ነው። የናዲያ አንገት ግን ወዲያው ወደ ሞኒተሩ ዞረ፤ እጇም ወደ ኦክስጅኑ ሄደ። ዳርቱ ያን አንገት አየችና ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ጮኸ?» ብላ ኤልቃናን ጠየቀችው።

«ጮኸ፣ ሲስተር» አላት፣ ከንፈሩ እንዲታያት ጭምብሉን ዝቅ አድርጎ።